የአንድሮይድ ስልክን የሥርዓት ክፋይ መቅዳት፦ ቅጂው ከየትኛው እርከን ተነበበ?

አጠቃሎ

የሩት ሥልጣን ከተገኘበት የአንድሮይድ ስልክ የሥርዓት ክፋይን መቅዳት በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚፈጸም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ ስልክ በተለያየ መንገድ የተወሰዱ ሁለት ቅጂዎች መጠናቸውም ሆነ የሃሽ ዋጋቸው ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱ ዋና ምንጭ ንባቡ የተካሄደበት እርከን መሆኑን ያስረዳል፤ ቅጂው ሳይበላሽ ወደ ኮምፒዩተር የሚሻገርበትን መንገድና በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥበትን ስልት ያሳያል፤ በመጨረሻም የተረጋገጠ ቅጂ ስለ ስልኩ ደኅንነት የሚለውንና የማይለውን ይለያል።

ቁልፍ ቃላት፦ አንድሮይድ፣ ሩት፣ የሥርዓት ክፋይ፣ ዲኤም-ቬሪቲ፣ ሃሽ፣ ዲጂታል ማስረጃ

1. መግቢያ

የስልክ ተጠቃሚ ራሱ የጫነውን መተግበሪያ ማጥፋት ይችላል። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣውን ግን በአብዛኛው ማጥፋት አይችልም። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ቢመልሰው እንኳ የሚጠፋው የተጠቃሚው መረጃ የተቀመጠበት ክፋይ እንጂ ሥርዓተ ክወናው ያለበት ክፋይ አይደለም። በመሆኑም ጎጂ ሶፍትዌር ስልኩ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ወደ ሥርዓት ክፋዩ ከገባ፣ እርሱን ማስወገድ ከተራው ተጠቃሚ አቅም በላይ ይሆናል።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግል ይፋ ባደረገው ማብራሪያ፣ ትሪያዳ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር አምራቾች ተጨማሪ አገልግሎት እንዲሠሩላቸው ሥራ በሰጧቸው ሦስተኛ ወገኖች በኩል ወደ አንዳንድ ስልኮች የሥርዓት ኢሜጅ መግባቱን ገልጿል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ የቴክኖ ደብሊው2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ተጭነው መገኘታቸውን አስታውቋል። ሶፍትዌሮቹ ተጠቃሚው ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶችን ለማስመዝገብ ይሞክሩ እንደነበር ተዘግቧል። የስልኩ አምራች ትራንሽን በበኩሉ የችግሩ ምንጭ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አቅራቢ መሆኑን ገልጿል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በገለልተኝነት መመርመር የሚቻለው የሥርዓት ክፋዩን ቅጂ ከስልኩ ላይ አውጥቶ በማጥናት ነው። አምራቹ በይፋ የሚያሰራጨው የሶፍትዌር ጥቅል በእያንዳንዱ ስልክ ላይ በተጨባጭ ካለው ጋር አንድ መሆኑ አስቀድሞ የሚታመን ጉዳይ አይደለም፤ ለብዙ ርካሽ ስልኮችም እንዲህ ያለ ጥቅል በይፋ አይገኝም። ስለዚህ የአንድ ተመራማሪ ግኝት በሌላው ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው የተጠናው ቅጂ ከምን፣ እንዴትና መቼ እንደተነበበ በግልጽ ሲታወቅ ነው።

2. የማከማቻው አደረጃጀት

የዛሬ ስማርት ስልኮች ማከማቻ ኢኤምኤምሲ ወይም ዩኤፍኤስ የሚባል ቺፕ ነው። ቺፑ በክፋዮች የተከፋፈለ ሲሆን ክፋዮቹ በስም ይታወቃሉ። ቡት የተባለው ክፋይ ከርነሉን ይይዛል፤ ሲስተም የአንድሮይድን ዋና አካል፣ ቬንደር ለሃርድዌሩ የሚያስፈልጉ ሶፍትዌሮችን፣ ፕሮዳክት አምራቹ የጨመራቸውን መተግበሪያዎች ይይዛሉ፤ ዩዘርዴታ ደግሞ የተጠቃሚው መረጃ ማደሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ «የሥርዓት ክፋይ» ሲባል ሲስተምን ብቻ ሳይሆን በመደበኛ አሠራር ለንባብ ብቻ የሚከፈቱትን ተመሳሳይ ክፋዮች ሁሉ ያጠቃልላል፤ ከፋብሪካ የተጫነ መተግበሪያ ከእነዚህ በአንዱ ሊገኝ ይችላልና።

ይህ አደረጃጀት በጊዜ ሂደት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 የአንዳንድ ክፋዮችን ጥንድ መያዝ የሚያስችል አሠራር አመጣ፤ ስልኩ በ«ሀ» ጥንድ ሲሠራ ማሻሻያው በ«ለ» ጥንድ ላይ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 ደግሞ ሲስተም፣ ቬንደርና ፕሮዳክት ሱፐር በሚባል አንድ ትልቅ ክፋይ ውስጥ በምናባዊ ክፋይነት እንዲቀመጡ አደረገ። በእነዚህ ስልኮች ላይ ሲስተም የሚባል አካላዊ ክፋይ የለም። በሱፐር መጀመሪያ አካባቢ ያለው ሠንጠረዥ የትኛው ምናባዊ ክፋይ ከየትኛው የሱፐር ቦታ እንደሚጀምር ይመዘግባል፤ ከርነሉም ስልኩ ሲነሳ በዚያ መሠረት የተበታተኑትን ቁርጥራጮች አገጣጥሞ እንደ አንድ ክፋይ ያቀርባቸዋል።

ከዚህ የሚመነጨው የመጀመሪያ ግዴታ ቀላል ነው፤ ተመራማሪው ከመቅዳቱ በፊት የአንድሮይዱን ስሪት፣ ሥራ ላይ ያለውን ጥንድና የክፋዮቹን ዝርዝር ከነመጠናቸው መመዝገብ አለበት። በጥንድ ከተያዙት ክፋዮች አንዱ የቀድሞ ስሪት ቅሪት ሊሆን ስለሚችል፣ ጥንዱ ያልተገለጸ ቅጂ የየትኛው ስሪት እንደሆነ ያከራክራል።

3. ሩት ማድረግ የሚለውጠውና የማይለውጠው

ሩት የሊኑክስ ከፍተኛው የተጠቃሚ ሥልጣን ነው። መደበኛ መተግበሪያ የማከማቻ ክፋዮችን በቀጥታ ማንበብ አይፈቀድለትም፤ የሩት ሥልጣን ይህን ገደብ ያነሳል። ዛሬ የተለመደው መንገድ የስልኩን ቡትሎደር መክፈትና ማጂስክን በመሰለ መሣሪያ የተሻሻለ የቡት ኢሜጅ መጫን ነው።

ይህ ሂደት ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ በኩል፣ ቡትሎደሩ ሲከፈት ስልኩ የተጠቃሚውን መረጃ በሙሉ ያጠፋል፤ ይህም የደኅንነት ጥበቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በመሆኑም የተጠቃሚ መረጃ በማስረጃነት ለሚፈለግበት የወንጀል ምርመራ ይህ መንገድ ጨርሶ አይመከርም። ፋብሪካው የጫነውን ለሚያጠና ሰው ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ የሚፈልገው ክፋይ አይነካበትምና። በሌላ በኩል፣ ሩት ማድረግ የቡት ክፋይን ይለውጣል። ስለዚህ ከሩቱ በፊት የነበረው የቡት ኢሜጅ ከነሃሽ ዋጋው ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል።

የድሮ የሩት መሣሪያዎች ከዚህ የከፋ ጉዳት ነበራቸው፤ የራሳቸውን ፋይል በሥርዓት ክፋዩ ውስጥ ይጽፉ ነበር። ጽሕፈቱ ቀርቶ፣ በኢኤክስቲ4 የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ ክፋይ ለመጻፍ በሚያስችል ሁኔታ አንድ ጊዜ ማውንት መደረጉ ብቻ ይበቃል፤ ማውንት የተደረገበት ጊዜና ብዛት በክፋዩ መግለጫ ብሎክ ላይ ይመዘገባል፤ የሃሽ ዋጋውም ይለወጣል። ማጂስክ ክፋዩን ሳይነካ፣ የተለወጡ ፋይሎችን ስልኩ ሲነሳ ከላይ በመደረብ ይሠራል። ይህ መደረብ ክፋዩን ከለውጥ ቢጠብቀውም በቀጣዩ ክፍል ለሚነሳው ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

4. ሦስቱ የንባብ እርከኖች

የሥርዓት ክፋይ ይዘት በሩት ሥልጣን ከሦስት እርከኖች ሊነበብ ይችላል፤ ሦስቱም «የሲስተም ቅጂ» ይባላሉ፤ የያዙት ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የፋይል እርከን ነው። ተመራማሪው የሲስተም ማውጫን ከፍቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይቀዳል። ይህ ቀላሉ መንገድ ቢሆንም የሚያሳየው ከርነሉ በዚያ ቅጽበት ለንባብ ያቀረበውን እይታ ነው። ማጂስክ ወይም ሌላ ሶፍትዌር የደረበው ፋይል ካለ የሚቀዳው የተደረበው ነው፤ ከሥሩ ያለው ዋናው ፋይል አይታይም። በፋይል ያልተያዙ ብሎኮችና የፋይል ሥርዓቱ የራሱ መዋቅርም አብረው አይቀዱም። በዚህ መንገድ የተገኘው የፋይሎች ስብስብ እንጂ የክፋይ ኢሜጅ አይደለም።

ሁለተኛው የተረጋገጠ ብሎክ እርከን ነው። አንድሮይድ ዲኤም-ቬሪቲ በሚባል የከርነል አሠራር የሥርዓት ክፋዩን እያንዳንዱን ብሎክ ሲነበብ ያመሳክራል። ክፋዩ እያንዳንዳቸው 4096 ባይት በሆኑ ብሎኮች ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ብሎክ ሃሽ 32 ባይት ስለሆነ አንድ የሃሽ ብሎክ 128 የመረጃ ብሎኮችን ይሸፍናል፤ የሃሽ ብሎኮቹም እንደገና ሃሽ እየተደረጉ እስከ አንድ ጫፍ ድረስ ይወጣሉ። ለምሳሌ ይዘቱ በትክክል 2 ጊቢባይት የሆነ ክፋይ 524,288 ብሎኮች አሉት፤ ዛፉም በመጀመሪያው ደረጃ 4096፣ በሁለተኛው 32፣ በጫፉ 1፣ በድምሩ 4129 ብሎኮች ይኖሩታል። ይህ ወደ 16 ሜጋባይት ገደማ ነው። በዚህ እርከን የሚነበበው የፋይል ሥርዓቱ ብቻ ነው፤ የሃሽ ዛፉ፣ የስሕተት ማረሚያ መረጃውና በክፋዩ መጨረሻ የሚገኘው 64 ባይት ግርጌ አይካተቱም። ከዚህም በላይ፣ የተበላሸ ብሎክ ካለ ከርነሉ በማረሚያ መረጃው አስተካክሎ ሊያቀርበው፣ አለዚያም ንባቡን ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ በቺፑ ላይ በእርግጥ ያለው ስሕተት በቅጂው ላይ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛው ከማረጋገጫው በታች ያለው እርከን ነው። በቀድሞዎቹ ስልኮች ይህ አካላዊው ክፋይ ሲሆን፣ በአንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ደግሞ ከርነሉ ከሱፐር አገጣጥሞ የሚያቀርበው ምናባዊ ክፋይ፣ ወይም ራሱ ሱፐር ነው። ከዚህ የሚወሰደው ቅጂ የፋይል ሥርዓቱን፣ የሃሽ ዛፉን፣ የማረሚያ መረጃውንና ግርጌውን በሙሉ ይይዛል። ሱፐርን በሙሉ የቀዳ ተመራማሪ ምናባዊ ክፋዮቹን በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ ከሠንጠረዡ መለየት ይችላል፤ በክፋዮቹ መካከል ያለውን ነፃ ቦታም ያገኛል።

ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ስልክ የተለያየ የሃሽ ዋጋ ሲያገኙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ይህ ነው። አንዱ ከሁለተኛው፣ ሌላው ከሦስተኛው እርከን ካነበቡ፣ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የሁለተኛው ቅጂ ቢያንስ በ16 ሜጋባይት ይበልጣል። ከሁለቱ አንዱም አልተሳሳተም፤ የቀዱት ነገር ግን የተለያየ ነው። ለጥናት የሚመረጠው ሦስተኛው እርከን ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ ሊወጣ ሲችል እርሱ ከሁለተኛው በቀጥታ አይገኝምና።

በዚህም ረገድ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በሚሠራበት የማሻሻያ ስልት፣ አዲሱ ስሪት እስኪዋሐድ ድረስ ለውጡ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከፊሉም በዩዘርዴታ ክፋይ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ውሕደቱ ሳያልቅ ሱፐርን የቀዳ ሰው የአሮጌውንና የአዲሱን ቅይጥ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቅጂ የሚወሰደው በመካሄድ ላይ ያለ ማሻሻያ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

5. ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተሩ

ክፋይን ባይት በባይት ለማንበብ የተለመደው መሣሪያ ዲዲ የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ በአንድሮይድ ውስጥ ስለሚገኝ የሚጫን ነገር የለም። ዋናው ውሳኔ ውጤቱ የሚጻፍበት ቦታ ነው።

ውጤቱን በስልኩ ውስጣዊ ማከማቻ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የዩዘርዴታን ነፃ ቦታ ይሸፍናል፤ የተሰረዘ መረጃ ካለም ያጠፋል። በውጫዊ የማስታወሻ ካርድ ላይ መጻፍ የተሻለ ነው፤ ካርዱ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ ግን አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊደርስ ስለማይችል ትልቅ የሱፐር ቅጂ በመካከል ይቆረጣል። ሦስተኛውና የሚመረጠው መንገድ ኤዲቢ በተባለው የግንኙነት መሣሪያ አማካይነት የተነበበውን በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ማፍሰስ ነው።

በዚህ መንገድ ሁለት ስውር ስሕተቶች ይከሰታሉ። በቆዩ የኤዲቢ ስሪቶች መደበኛው የሼል ትእዛዝ ውጤቱን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥር፣ የአዲስ መስመር ምልክት ባይት ባገኘ ቁጥር ሌላ ባይት ይጨምርበታል፤ ቅጂውም ከዋናው ይረዝማል፤ የፋይል ሥርዓቱም አይከፈትም። ለዚህ መፍትሔው ጥሬ ባይት ለማስተላለፍ የተዘጋጀውን የኤዲቢ ትእዛዝ መጠቀም ነው። ነገር ግን በዚህኛው ትእዛዝ የስሕተት መልእክት የሚወጣበት መስመር ከውጤቱ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ዲዲ ሥራውን ሲጨርስ የሚያትመው የመዝጊያ ዘገባ በቅጂው ጫፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የተጨመረው ጥቂት ባይት ብቻ ስለሆነ ኢሜጁ ያለችግር ይከፈታል፤ የሃሽ ዋጋው ግን ከምንም ጋር አይገጥምም። የስሕተት መልእክቱን አስቀድሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ መምራት ችግሩን ያስወግዳል።

ሁለቱንም ስሕተቶች ወዲያውኑ የሚያጋልጥ ቀላል ፈተና አለ፤ የቅጂው መጠን ከርነሉ ለክፋዩ ከሚናገረው መጠን ጋር በባይት እኩል መሆን አለበት። አንድ ባይት ቢበልጥ ወይም ቢጎድል ቅጂው ተቀባይነት የለውም።

6. ቅጂውን ማረጋገጥ

ማረጋገጡ ሦስት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛው የዝውውሩ ትክክለኛነት ነው። የክፋዩ ኤስኤችኤ-256 ሃሽ በስልኩ ላይ ይሰላል፤ የቅጂውም በኮምፒዩተሩ ላይ ይሰላል፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው።

ሁለተኛው የንባቡ መደጋገም ነው። ስልኩ እንደገና ተነሥቶ ክፋዩ ዳግመኛ ሲነበብ ያው የሃሽ ዋጋ መገኘት አለበት። የሥርዓት ክፋይ ከዩዘርዴታ የሚለየው በዚህ ነው። ዩዘርዴታ ስልኩ በበራበት ሁሉ የሚጻፍበት በመሆኑ በተከታታይ የተወሰዱ ሁለት ቅጂዎቹ አይገጥሙም፤ በአዲሶቹ ስልኮችም ይዘቱ የተመሰጠረ ስለሆነ ጥሬው ቅጂ ብቻውን አይነበብም። የሥርዓት ክፋይ ግን በመደበኛ አሠራር ስለማይጻፍበት፣ ሁለት ንባቦች ካልገጠሙ ተመራማሪው ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ አለበት።

ሦስተኛው ደረጃ ከሁሉ ይከብዳል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ፈተናዎች በስልኩ ከርነል ላይ ይተማመናሉ፤ ክፋዩን የሚያነበውም ሃሹን የሚያሰላውም እርሱ ነው። የሚመረመረው ስልክ ስለራሱ እየመሰከረ ነው ማለት ይቻላል። ከርነሉ ራሱ ከተበከለ ለሁለቱም ጥያቄ ተመሳሳይ የሐሰት መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ከዚህ አጣብቂኝ በከፊል የሚያወጣው የአምራቹ ፊርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ በተዘረጋው የተረጋገጠ አነሣሥ ሥርዓት፣ ቪቢሜታ የሚባል ትንሽ ክፋይ የእያንዳንዱን የሥርዓት ክፋይ የሃሽ ዛፍ ጫፍ ይይዛል፤ ይህም በአምራቹ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈረማል። ተመራማሪው ከሥርዓት ክፋዩ ጋር ቪቢሜታንም ከቀዳ፣ የሃሽ ዛፉን በራሱ ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው እንደገና ሠርቶ የተገኘውን ጫፍ ከተፈረመው ጋር ማመሳከር ይችላል። የተበከለ ከርነል ሐሰት ሊያቀርብ ቢችልም የአምራቹን ፊርማ መፍጠር አይችልም። በዚህ ፈተና ያለፈ ቅጂ አምራቹ ከፈረመው ይዘት ጋር አንድ ነው፤ ለዚህ ማስረጃው የስልኩ ቃል ሳይሆን ስሌቱ ነው። የአምራቹ ይፋዊ ቁልፍ ግን ከሚመረመረው ስልክ ሳይሆን ከሌላ አስተማማኝ ምንጭ መገኘት አለበት።

አምራቹ የሚያሰራጨው ጥቅል በሚገኝበት ጊዜ ከእርሱ ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። ሆኖም ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ ባዶ ብሎኮችን በሚዘል የታመቀ ቅርጽ ስለሚዘጋጅ፣ ወደ ሙሉ ኢሜጅ ሳይለወጥ ሃሹን ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ከተለወጠ በኋላም የተዘለሉት ብሎኮች በስልኩ ላይ የቀድሞ ይዘታቸውን ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ የሙሉው ክፋይ ሃሽ ባይገጥም የሃሽ ዛፉን ጫፍ ወይም የፋይሎቹን ሃሽ በተናጠል ማነጻጸር ይገባል።

7. ፊርማው የማይመልሰው ጥያቄ

ፊርማው የገጠመ ቅጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በመግቢያው የተጠቀሰው የትሪያዳ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ጎጂው ሶፍትዌር ወደ ኢሜጁ የገባው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ፣ ስልኩ ለተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት ነበር። ከፊርማው በፊት የገባ ጎጂ ሶፍትዌር ከሌላው ይዘት ጋር አብሮ ይፈረማል፤ ዲኤም-ቬሪቲም ከለውጥ ይጠብቀዋል። የማረጋገጫው ሥርዓት የሚመልሰው «ይህ አምራቹ የፈረመው ነውን?» የሚለውን ጥያቄ እንጂ «አምራቹ የፈረመው ለተጠቃሚው ደኅና ነውን?» የሚለውን አይደለም።

በተቃራኒው፣ ፊርማው ያልገጠመ ቅጂም በራሱ የጥፋት ማስረጃ አይሆንም። ስልኩ ቀደም ሲል በድሮ መሣሪያ ሩት ተደርጎ፣ ወይም በጥገና ቤት ሌላ ሶፍትዌር ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። የስልኩ ታሪክ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በተለይም ስልኩ ያገለገለ ከሆነ፣ በቅጂው ላይ የተገኘን ጎጂ ሶፍትዌር በአምራቹ ላይ ማላከክ አይቻልም። በፋብሪካ ስለተጫነው ድምዳሜ ለመስጠት ስልኩ ከነማሸጊያው የተገዛ መሆን አለበት፤ ከአንድ ሞዴል ከአንድ በላይ ስልክ ቢመረመርና ፊርማው ቢገጥም ድምዳሜው ይጸናል።

የሥራው ሕጋዊና ሥነ ምግባራዊ ወሰንም ከዚህ ጋር ይነሣል። የሚመረመረው ስልክ የተመራማሪው ወይም የተቋሙ፣ አለዚያም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደው መሆን አለበት፤ በኢትዮጵያ ያለፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። የስልኩን መለያ ቁጥርና የሬዲዮ ማስተካከያ መረጃ የያዙ ክፋዮች ለዚህ ጥናት ስለማያስፈልጉ ከሚሰራጭ ቅጂ ጋር መቀላቀል የለባቸውም። የሥርዓት ኢሜጁ ራሱ የቅጂ መብት ያለባቸውን ሶፍትዌሮች ስለሚይዝ፣ በኅትመት የሚወጣው የሃሽ ዝርዝሩና የትንተናው ውጤት ቢሆን ይመረጣል።

8. ማጠቃለያ

የሥርዓት ክፋይን የመቅዳት ቴክኒክ ዛሬ በማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ እጅ ያለ ነው፤ ቅጂውን ማስረጃ የሚያደርገው አብሮት የሚቀመጠው መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢያንስ የስልኩን ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት፣ ሥራ ላይ የነበረውን ጥንድ፣ ሩት የተደረገበትን መንገድ፣ ከሩቱ በፊት የነበረውን የቡት ኢሜጅ ሃሽ፣ ንባቡ የተካሄደበትን እርከን፣ የክፋዩንና የቅጂውን መጠን በባይት፣ የሁለት ንባቦችን የሃሽ ዋጋና በፊርማው የተደረገውን ፈተና ውጤት መያዝ አለበት።

ይህ መዝገብ ሲሟላ፣ ያንኑ ሞዴል በሌላ ከተማ የገዛ ሌላ ተመራማሪ ሥራውን ከመጀመሪያው ደግሞ ያንኑ የሃሽ ዛፍ ጫፍ ማግኘቱን ወይም አለማግኘቱን መናገር ይችላል። ርካሽ ስልክ ለብዙ ሰው የመጀመሪያውና ብቸኛው ኮምፒዩተር በሆነበት አገር፣ በውስጡ የተጫነውን በዚህ መልኩ መርምሮ በማስረጃ ማቅረብ የሚችል አቅም በዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ መገንባቱ ተጠቃሚው ሊያጠፋው የማይችለውን ነገር ቢያንስ እንዲያውቀው ያደርጋል።